ክብር ላረፈዱ አድናቂዎች

እኛ ዘግይተን የምናደንቅ ሰዎች ጨዋ ነን። ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) በሕይወት እያለ አናስቸግረውም። ይሰረዝ፣ ይረሳ፣ አቧራ ይልበስ። ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት ቆይተን እንመጣና «ይሄ እኮ ያልተዘመረለት ሥራ ነው!» እንላለን። ማን እንዳልዘመረለት መጠየቅ ነውር ነው። ክፉዎች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉናል። ጅቡ እያለ ማንም ይጮሃል።

ሰሞኑን ተራው የአሜሪካኑ ሲትኮም የ«ኒውስሬዲዮ» ነው። እንደገና እያየሁት ነው። «እንደገና» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ፤ ድሮም ያየሁት ታስመስለኛለች።

የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ ያሳየው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ነው፤ 5 ምዕራፍ፣ 97 ክፍል። ጣቢያውም አግዞናል። ማክሰኞ ያሳየዋል፣ እሁድ ይወስደዋል፣ ረቡዕ ያመጣዋል፣ ደግሞ ወደ ማክሰኞ። ተከራይ እንኳ እንዲህ ቤት አይቀያይርም። ሊያየው የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማፈላለግ ነበረበት። እኛ አልፈለግነውም፣ አልደከምንም።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ ኒውዮርክ ያለ የዜና ሬዲዮ ጣቢያና ሠራተኞቹ። ዴቭ ፎሊ ሁሉም ሲያብድ ብቻውን ጤነኛ ለመሆን የሚታገል አለቃ ነው። ፊል ሃርትማን ከራሱ ድምፅ ጋር ፍቅር የያዘው ዜና አንባቢ ነው። ብቻዬን ጎል ካላገባሁ የሚል የለም፤ ኳሷ ከእጅ እጅ... ይቅርታ፣ ከእግር እግር ትዞራለች።

ስቲቨን ሩትን ግን ልብ በሉልኝ። የጣቢያው ባለቤት፣ ሀብታሙ ጂሚ ጄምስ ነው። በአንዱ ክፍል የሕይወት ታሪኩ ወደ ጃፓንኛ ይተረጎማል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ። «ካፒታሊስቱ አንበሳ ገሪ» ሆኖ የሄደው መጽሐፍ «ወንዳወንዱ የንግድ አህያ ታጋይ» ሆኖ መጣ። ሰውዬው ሕዝብ ፊት ቆሞ ያንን ጉድ ኮስተር ብሎ ያነባል። ሦስት ጊዜ አየሁት። ሦስቴም ሆዴን ይዤ።

የሠለጠነ አድናቂ ግን እንዲህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። «ጆ ሮጋን ያለበት ነው አይደል?» ይላል፣ በቃ። አዎ፣ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ነበር። ስምንት ሰው የተሸከመውን ሥራ ኋላ በፖድካስት በገነነው በአንዱ ስም መጥራት ትልቅ ቁጠባ ነው። ሞራ ቲየርኒን፣ ቪኪ ሉዊስን፣ ካንዲ አሌክሳንደርን ማን ይሸምድድ!

እ.ኤ.አ. በ1998 ሃርትማን ተገደለ። 5ኛው ምዕራፍ የሚከፈተው በእሱ ገፀ ባህሪ ኀዘን ነው፤ የተዋናዮቹን ፊት ስታዩ ትወና ነው ለማለት ይከብዳል። (እዚህ ጋ ሽሙጤም ትንሽ ዝም አለ።) በሃርትማን ቦታ ጆን ሎቪትዝ ገባ፣ ሲትኮሙም በዚያው ምዕራፍ አለቀ።

ትናንት ጓደኛዬ አሁን እየታየ ያለ አንድ ኮሜዲ ጠቆመኝ። «ተመልካች አጥቶ ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ እየው» አለኝ። ምን ዓይነት ችኩል ሰው ነው! ስሙን ግን መዝግቤዋለሁ። ጽሑፉ በ2045 ይወጣል።