ኧረ ወተት አትስጧት!

ዛሬስ በቃኝ! አሁንም አንድ ካርቶን መጣ። ውስጡ የወፍ ጫጩት። ምንቃሯ ላይ ወተት ውስጥ የተነከረ ዳቦ ደርቆ ተጣብቋል። ደረቷ ርሷል። በተነፈሰች ቁጥር ሲር ሲር ይላል። "አድነናት እኮ ነው" አሉኝ። ከምን?

የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ተለማማጅ ነኝ። ኩስ መጥረግ፣ መነከስ፣ መቧጨር፣ ሁሉንም እችለዋለሁ። ይሄን ግን አልቻልኩም።

ወፍ ጡት ስትጠባ ያየ ማነው? የላም ወተት ሆዷ አይፈጨውም። ውኃ በግድ ስታንቆረቁሩባት ደግሞ የመተንፈሻ ቀዳዳዋ እዚያው ከምላሷ ሥር ነው። ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እጄ ላይ ትሞታለች።

ደግሞስ እናት የላትም ያላችሁ ማነው? ላባ አውጥታ መሬት ላይ የምትንደፋደፍ ጫጩት መብረር እየተማረች ነው። እናቷ እዚያው አካባቢ ሆና እናንተ እስክትሄዱ ትጠብቃለች። የሚዳቋ ግልገልም ያው ነው። እናቱ ሣር ውስጥ ደብቃው ለግጦሽ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ታጠባዋለች። እናንተ "ውይ ምስኪን!" ብላችሁ አንስታችሁት እብስ። ይሄ ማዳን ነው ወይስ ልጅ መስረቅ?

በዚያ ላይ ወዲያው አያመጧቸውም! ቤት ያቆዩዋቸዋል። ልጆች ያቅፏቸዋል፣ ፎቶ ይነሱባቸዋል። ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ነው እኛ ትዝ የምንላቸው። ገና ሳይነኳቸው ደውሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?