አፍሮ አይገባ በራሱ እግር አልሄደም

ወገኖቼ፣ መቅደላ ሲነሳ ደማችን ይፈላል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. የዘረፈውን ታቦትና ብራና እየቆጠርን እንራገማለን። እውነታችንን ነው። በ1989 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የሆነው ሲነሳ ግን ድምፃችን ለምን ዝቅ ይላል?

ያን ዓመት ላስታ የገባ የውጭ ጦር የለም። ግን በመጋቢት ወር አፍሮ አይገባ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። 7 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ የንጉሡ የላሊበላ ነው ተብሎ የሚታመን መስቀል ነው። ሕመምተኛ የሚታሽበት፣ ተሳላሚ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣለት። ስንት ትውልድ ካህናት ሲቀባበሉት ኖረው በእኛ ዘመን ጠፋ። እንደ ማንኛውም ዕቃ ዋጋ ተቆረጠለትና ባሕር ተሻገረ። በመጨረሻ የተገኘው ቤልጂየም ውስጥ፣ አንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ላይ ነው። የተገዛው በ25,000 ዶላር ነበር። ሰውየው ገንዘቡ ተተክቶለት፣ መስቀሉ ከአራት ዓመት በኋላ አገሩ ገባ።

እኛም እልል ብለን ተቀበልን፤ ከዚያ ረሳነው። እኔ ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። 7 ኪሎ መስቀል በራሱ እግር ከላስታ አይወጣም። ያወጣው አለ፣ የጫነው አለ፣ የደለለው አለ። አይቶ ዝም ያለም አይጠፋም። እነዚህ ከሰማይ አልወረዱም፤ የእኛው ሰዎች ናቸው። ሳስበው ከንዴቱ ሐዘኑ ይብስብኛል።

«የባህል ሚኒስቴር የት ነበር?» እንላለን። መጠየቁስ ተገቢ ነው። ቅርስ መመዝገብ፣ ፎቶ አንስቶ መረጃውን መያዝ፣ የወጣውን ተከታትሎ ማስመለስ የመንግሥት ሥራ ነው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! ባህል ግን አንዴ ከማስታወቂያ፣ አንዴ ከወጣቶችና ስፖርት፣ አንዴ ከቱሪዝም ጋር ሲዳበል ኖረ። ሹም በተቀየረ ቁጥር ሥራው ከሀ ሲጀመር ያሳዝናል። ቢሆንም ሚኒስትር በየደብሩ ደጅ ዘበኛ ሆኖ አያድርም። እዚያ የምናድረው እኛ ነን።

አፍሮ አይገባን ዓለም ስለሚያውቀው ደብቆ ማስቀረት ከባድ ነበር። ስሙ ያልተሰማ የገጠር ደብር መስቀልስ? መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ ፎቶ ከሌለው፣ ነገ አንድ የውጭ ጨረታ ላይ ቢወጣ «የእኛ ነው» ብለን በምን እንከራከራለን? ይህን እያወቅን ዕቃ ቤቱ እንዲቆጠር የሚጠይቀውን ሰው በነገር እንወጋዋለን። «ምን አገባህ?» እንለዋለን። እንዲህ አይባልም! ያገባዋል። ሁላችንንም ያገባናል።

ደክሞኛል፣ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ወጣቶቹን ሳይ እበረታለሁ። የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እባካችሁ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ያላችሁን አንድ በአንድ ቁጠሩ። በአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱት፣ ለኩት፣ የተሰበረ ወይም የተጠገነ ቦታ ካለው ጻፉት። አንዱን ቅጂ ደብሩ ይያዝ፣ ሌላውን ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ስጡና ማኅተም አስመቱበት። አልቀበልም ካሉ ነገም ሂዱ።