ቢሉን የምንከፍለው እኛ፣ ምስጢሩ የእነሱ

የዚህ ወር የመብራት ቢል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጨመርነው አምፖል የለም፣ ልጆቹም አጥፍተው ነው የሚወጡት። ታዲያ ጭማሪው ከየት መጣ?

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ላውደን ካውንቲ ብትሄዱ መስኮት አልባ የዳታ ሴንተር ሕንፃዎች፣ ማለትም የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የታጨቁባቸው ግንባታዎች፣ መንገዱን ይዘው ተደርድረዋል። ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ይውጣሉ። ፍላጎቱ ሲያይል ደግሞ ዋጋው ይከተላል። እኛን ጨምሮ 13 ግዛቶችን የሚያገለግለው የኃይል መረብ ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጨረታ አወጣ። የማመንጨት አቅም ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ የሚከፈለው ዋጋ በሜጋዋት በቀን ከ29 ዶላር ገደማ ወደ 270 ዘለለ። ዘጠኝ እጥፍ! ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምስጢሩ ነው። በየቦታው የአካባቢ ሹማምንት ከዳታ ሴንተር ኩባንያዎች ጋር ምስጢር የመጠበቅ ውል ይፈርማሉ። ማን ሊገነባ እንደሆነ፣ ስንት ሜጋዋት እንደሚፈልግ ጎረቤት የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሕዝብ የመረጠው ሰው ከሕዝብ የሚደብቀው ምን አለ?

ቴሌቪዥኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትራምፕ ምን አለ፣ ዴሞክራቶች ምን መለሱ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ በተደረገው ባለፈው የአካባቢያችን ስብሰባ አንዲት አሮጊት ቢላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ተናገሩ። አንድም ካሜራ አልነበረም።