አያቶች ሳያልፉብን ስልኩን ታሪክ ክፍል እናስገባው

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቲክቶክ ላይ ተተክለው የሚውሉ ልጆች አሉ። ግን መጽሐፉንም የሚያነቡት በዚያው ስልክ ነው። የታተመው ስላልተዳረሰ ፒዲኤፉን በቴሌግራም እንልክላቸዋለን።

ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ፕሮጀክተር ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። መብራት ካለ፣ ገመዱ ከተገኘ፣ ክፍሉ ከጨለመ ይሠራል። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ግን ያው የመጽሐፉ አንቀጽ ነው። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ከ20 ዓመት በፊት ፕላዝማ ሲገባም እንዲሁ ነበር። ቴሌቪዥኑ ያስተምራል፣ መምህሩ ጥግ ይቆማል፣ ያልገባው ተማሪ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት ሌላ ነገር ሞከርኩ። የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ ከማስተማሬ በፊት የቤት ሥራ ሰጠሁ። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ በስልክ ቅረጹ። ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋር ይሂድ። ጥያቄው ሦስት ነው። ያኔ የት ነበሩ? ምን አዩ? ገበያ ላይ እህል ነበር?

ሦስተኛዋን ሆን ብዬ ነው የጨመርኳት። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የደሴን ገበያ ዋጋ መርምሮ ነበር። የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህልም ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ያጣው መግዣውን ነው።

አንዷ ተማሪ የላከችልኝን ቅጂ ክፍል ውስጥ በትንሽ ስፒከር ከፈትኩት። መጀመሪያ ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማል። ራቅ ብሎ አዛን አለ። ከዚያ አያቷ ይናገራሉ። ልጅ ሆነው ገበያ ተልከው ነበር። እህሉ በጆንያ ተደርድሯል። አጠገቡ ከገጠር የመጡ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ያያሉ፣ አይገዙም። እዚህ ላይ አያት ዝም አሉ። ቅጂው ይሄዳል፣ እሳቸው ዝም ብለዋል። ክፍሉ ውስጥ ኮሽ ያለ ነገር የለም።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። እህል ካለ መንግሥት ለምን አልሰጣቸውም አለኝ። ያ ጥያቄ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወሰደ። ረሃቡ እንዴት እንደተደበቀ፣ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም እንዴት እንዳሳየው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን እስኪወርዱ ድረስ ሄድን። በስንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ክፍል አስተማርኩ!

ትዝታ ይሳሳታል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው። አንድ አባት የ66ቱን ከ77ቱ ረሃብ ጋር ቀላቅለው አውርተዋል። ቅጂውን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየን፤ ልጆቹ ራሳቸው ለዩት። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት እኔ አላውቅም።

ርዕሳነ መምህራንን የምለምነው ብዙ አይደለም። ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ስልክ በመምህሩ ፈቃድ ይግባ። ከአይሲቲ ክፍሉ አንድ ኮምፒውተር ለቅጂዎቹ ይሰጠን። በ2014 ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚገጥመው አይተናል። እነዚህ ድምፆች አሁን ያሉት እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስልኬ ደግሞ ሞልቷል። ከተቀረጹት አያቶች አንዷ ባለፈው ወር አርፈዋል።