ሄዶ መመለስም ያስጠረጥራል

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ (ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገራት በአንድነት የሚያስገባው የአጭር ጊዜ ቪዛ) ላይ ስለጣለው ገደብ ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ሲነሣ፣ ተጋባዡ «ነገሩ ተጨማሪ 30 ቀን መጠበቅ ነው፤ ወዳጅ ዘመድ ሊጠይቅ ለሽርሽር የሚሄድን ሰው ምን ያስቸኩለዋል?» ሲሉ ሰማሁ። ጋዜጠኛው በአዎንታ ሳቅ ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ቪዛ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን መራዘሙ ከውሳኔው ሁሉ ቀላሉ ነው። ሰውየው ይህንን ብቻ መዝዘው ያነሡት የቀረውን ስላላነበቡት ይመስለኛል። ከባዱ፣ በተለምዶ «መልቲፕል» የምንለው፣ ደጋግሞ መግባት የሚያስችለው ቪዛ ለኢትዮጵያዊ አመልካች እንዳይሰጥ መታገዱ ነው። በኅብረቱ የቪዛ ሕግ መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ 3 ቪዛ ወስዶ በአግባቡ የተጠቀመ መንገደኛ የ1 ዓመት መልቲፕል ይሰጠዋል፤ እሱንም በአግባቡ ከተጠቀመ የ2፣ ቀጥሎም የ5 ዓመት ያገኛል። ምጽዋት አልነበረም፤ ቃሉን ጠብቆ ለተመለሰ ሰው የተዘረጋ መሰላል ነበር። አሁን የተነሣው ያ መሰላል ነው።

ለውሳኔው የተሰጠው ምክንያት፣ ያለ ፈቃድ አውሮፓ የተቀመጡ ኢትዮጵያውያንን ለመመለስ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። እስቲ ይሁን፤ መንግሥት ዜግነታቸው የተረጋገጠ ዜጎቹን መቀበል እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን ሄዶ ለመቅረት ያሰበ ሰው መልቲፕል ምን ያደርግለታል? እሱ አንዴ መግባት ይበቃዋል። ሁለተኛ መግቢያ የሚያስፈልገው የሚወጣ ሰው ነው፤ የሚወጣ ሰው ደግሞ ኅብረቱ «እንደ እሱ ሁኑልኝ» ሊለን የሚገባው ሰው ነው። ስለዚህ ውሳኔው የቀረውን አንዲት ሌሊት እንኳ ሳያስጨንቅ፣ የተመለሰውን ብቻ መርጦ ይመታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው፤ እዚህ ግን ዳውላው ራሱ ቀጥ ብሎ ቤቱ የገባ ሰው ነው።

የቀድሞ መምህሬን ፓስፖርት ገልጬ አይቻለሁ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ተማሪዎቻቸው ጋብዘዋቸው ሦስት ጊዜ አውሮፓ ደርሰው መጥተዋል። በሸንገን ድንበር ይመታ በነበረው ማኅተም ላይ ትንሽ ፍላጻ አለች፤ የመግቢያው ወደ ውስጥ፣ የመውጫው ወደ ውጭ ያመለክታል። በመምህሬ ፓስፖርት ላይ ሦስት የመግቢያና ሦስት የመውጫ ፍላጻዎች እንደ ጥሩ የሒሳብ መዝገብ ተካክለው ተቀምጠዋል። ዘንድሮ ያሰቡት ግን ረዘም ያለ ነበር፤ ፍራንክፈርት ባለች ተማሪያቸው ቤት ጀምረው፣ ለንደን ተሻግረው ከኮተቤ ጀምሮ የማይለያዩትን ጓደኛቸውን ጠይቀው፣ ከዚያ ሮም ወርደው የሟች ወንድማቸውን ልጆች ሊያዩ። ብሪታንያ ከሸንገን ክልል ውጭ ናትና፣ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ከፍራንክፈርት ወደ ለንደን በተሳፈረበት ሰዓት ቪዛው ያበቃል፤ ቀን ተርፎት እንኳ ሮም አይገባም።

«ለንደንን መጨረሻ ያድርጉታ» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ባዕድ አገር የሚኖር ወዳጅ በፈለጉት ቀን በሩን አንኳኩተው የሚገቡበት ጎረቤት አይደለም። በፈረቃ ይሠራል፤ የዓመት ፈቃዱን ከወራት በፊት አስመዝግቦ ነው እንግዳ የሚቀበለው። የለንደኑ ሰው ዕረፍት መስከረም፣ የሮሞቹ ጥቅምት ከሆነ ጉዞው የሚታቀደው በዚያው ነው። እንዲያውም ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ወደሚታደርበት አገር ኤምባሲ ስለሆነ፣ መምህሬ የትኛውን ወዳጃቸውን በአንድ ሌሊት አስበልጠው እንደሚወዱ በቅጽ ላይ መሙላት ነበረባቸው። የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፣ የቤት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ ሁሉም ተተርጉሞ ተሟልቷል። ክፍያውም ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል፤ ቢከለከሉ አይመለስም።

በውሳኔው ለባለሥልጣናት የደረሳቸው ድርሻ ደግሞ ያስቃል። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት ለያዙ ሰዎች፣ አባል አገራት ክፍያ ሊምሩ ይችሉ የነበረው ቀርቷል። በቃ። ተባበሩ ተብለው እንቢ አሉ የተባሉት ሰዎች የሚቀጡት በ90 ዩሮ ነው፤ እሱንም ከኪሳቸው መክፈላቸውን እጠራጠራለሁ። ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ የተመለሱት አዛውንት ግን ከመሰላሉ ወርደው እንደ አዲስ ተጠርጣሪ ተሰልፈዋል። የሬዲዮው ተጋባዥ «ምን ያስቸኩለዋል?» ያሉት እኚህን ነው።

መምህሬ ለንደንን ከዕቅዳቸው ሰርዘዋል። ባለቤታቸው ለሦስቱም ቤት በርበሬ አስፈጭተው፣ በላስቲክ እየቋጠሩ የየከተማውን ስም ጽፈውበት ነበር። ባለፈው እሑድ ስሄድ የፍራንክፈርቱና የሮሙ ሻንጣ ውስጥ ገብተዋል። «ለንደን» የሚለው ቋጠሮ ተፈትቶ፣ ምሳ የቀረበልን ወጥ ከእሱ ተሠርቶ ነበር።