የጃፓን የወረቀት ጃንጥላ የሚሞተው ከአናቱ ነው

የጃፓን መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. የጊፉ ከተማን የወረቀት ጃንጥላ በአገር አቀፍ ባህላዊ የእደ ጥበብ ውጤትነት መዘገበ። ጥሩ ነው። ግን ጭብጨባው የተሳሳተ ሰው ጋ እንዳይደርስ እሰጋለሁ።

ዋጋሳ የሚባለውን ይህን ጃንጥላ አንድ ሰው ብቻውን ከዳር አያደርሰውም። አንዱ ቀርከሃ ይሰነጥቃል። ሌላው አጥንቶቹን በክር ያያይዛል። ሌላው ወረቀቱን ይለጥፋል። ከዚያ የተልባ ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዝናብ የማያስገባው ዘይቱ ነው። አጥንቶቹ ከአንድ ቀርከሃ ተሰንጥቀው ተራቸው ሳይዛባ ስለሚገጠሙ፣ ጃንጥላው ሲታጠፍ መልሶ ያንኑ ቀርከሃ ይመስላል። (እኔን ከተዘረጋው ይልቅ የታጠፈው ነው የሚያስደንቀኝ።)

ይህን ሁሉ አጥንት አንድ ላይ የሚይዘው ሮኩሮ የተባለ ጥንድ የእንጨት ቁራጭ ነው። አንዱ አናቱ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ዘንጉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ዙሪያውን አጥንቶቹ የሚገቡባቸው ቀጫጭን ስንጥቆች ይወጡለታል። እንጨቱ ኤጎኖኪ ከሚባል ዛፍ ነው የሚመጣው። ሮኩሮ የሚሠሩ ሰዎች በመላ ጃፓን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱ ካቆሙ የኪዮቶውም የካናዛዋውም ጃንጥላ ሠሪ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ካሜራው ግን የሚሄደው ወረቀት ወደሚለጥፈው ነው። ቀለሙ ያምራላ!

«ዘመኑ አልፏል፣ ተዉት» የሚሉም አሉ። የፕላስቲክ ጃንጥላ በጥቂት መቶ የን ይገዛል፤ ዋጋሳ በአስር ሺዎች የን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጊፉ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ጃንጥላ ታመርት ነበር፤ ያ እንደማይመለስ እኔም አውቃለሁ። ግን ካቡኪ ቲያትርና የሻይ ሥነ ሥርዓት ዛሬም ይፈልጉታል። ደግሞ ዋጋሳ ይጠገናል። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.) አሮጌ ጃንጥላ እየገዙ የሚዞሩ ነጋዴዎች ነበሩ። የተላጠው ወረቀት ለዕቃ መጠቅለያ ይሸጣል፣ አጥንቱ አዲስ ወረቀት ይለብሳል። ፕላስቲኩን አንድ ንፋስ ከሰበረው ማን ያነሳዋል?

ጊፉ ውስጥ የደን ትምህርት ቤት ሰዎችና ጃንጥላ ሠሪዎች አብረው ጫካ ወጥተው ኤጎኖኪ ይቆርጣሉ። ገንዘቡ መጀመሪያ መድረስ ያለበት እዚያ ነው። ቀጥሎ ሮኩሮ መሥራት ለሚማር ወጣት የወር ደመወዝ ይቆረጥለት። ኤግዚቢሽን ማዘጋጀቱ ትንሽ ይቆይ።