ሲሚንቶ ሲረክስ ይነሳል

አሸዋው ሰፈራችን የገባው ሌሊት ነው። ሲኖትራክ መጣ፣ አንድ ቢያጆ መንገዱ ላይ ገለበጠ፣ ሄደ። ጠዋት ስንነሳ ተራራ ሆኖ ጠበቀን። ያኔ ልጄ ዳዴ ትል ነበር። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። አሸዋው አሁንም አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። የግንባታ ዕቃ መስሎኝ ነበር። ለካስ ጥበብ ኖሯል!

ዓይኔን የገለጠልኝ የፕራጉ ቀራፂ ዴቪድ ቸርኒ ነው። የሰውየው ሥራ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ግዙፍ ነገር አቁሞ ሰው ማናደድ ነው። በ1991 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ፕራግ ውስጥ ለሐውልትነት የቆመውን የሶቪየት ታንክ ሮዝ ቀለም ቀባው። ታሰረበት። በ1999 የአገሩን ጠባቂ ቅዱስ፣ ሞቶ ቁልቁል በተንጠለጠለ ፈረስ ሆድ ላይ አስቀምጦ ሰቀለው። 216 ሜትር በሚረዝመው የቴሌቪዥን ማማ ላይ ደግሞ ፊት የሌላቸው ግዙፍ ሕፃናት ዳዴ እያሉ ሽቅብ ሲወጡ ይታያሉ። በ2013 መሀል ጣቱን የቀሰረ ወይን ጠጅ እጅ ወንዝ ላይ አንሳፍፎ ወደ ቤተ መንግሥቱ አዞረው።

ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ግን አንድ ቀን ከሀና ማርያም ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰፈራችን ቢገባ ሙያውን የሚተው ይመስለኛል።

ላዳውን ላስቀድም። ቸርኒ ለ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ ሁለት ክንድ ገጥሞ ፑሽ አፕ አሠራው። ሞተር፣ ኤሌክትሪክ፣ ስንት ጣጣ! የኛው ሰማያዊ ላዳ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ አራት ድንጋይ ላይ ወጥቶ እንደቆመ ነው። ጎማ የለውም። ሞተሩ ተሸጧል። የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋ ሁለቴ ፈልፍላለች። ባለቤቱ በየዓመቱ መስከረም ላይ ሸራውን ገልጦ ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ መልሶ ይሸፍነዋል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ በኛ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሲባል ተነስቶ በ2008 ተመልሷል። ላዳው ግን ንቅንቅ የለም።

ከላዳው አለፍ ብሎ ጉድጓዱ አለ። ክዳኑ የት እንደሄደ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። በክዳኑ ፈንታ አንድ ደግ ሰው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተከለበት። ሌላ ደግ ሰው ቅርንጫፉ ላይ ቢጫ ፌስታል አሰረ። ሦስተኛው ያረጀ ጎማ ደረበበት። ሦስቱም አልተመካከሩም። ቸርኒ በ2009 ብራስልስ ላይ «ኤንትሮፓ» የሚለውን፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን አንድ በአንድ በምስል የሚያሳየውን ሥራውን ሲሰቅል የ27 አገር 27 ሠዓሊዎች የሠሩት ነው ብሎ ነበር። በኋላ ሲጣራ እሱና ረዳቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። ውርደት! የኛ ጉድጓድ ሐቀኛ የጋራ ሥራ ነው።

እዚያው ኤንትሮፓ ላይ ቡልጋሪያን ቁጢጥ በሚባልበት ሽንት ቤት መስሎ አቀረባት። ቡልጋሪያ የቼክን አምባሳደር ጠርታ ተቆጣች። የቡልጋሪያው ክፍል በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ። በኛ አጥር ሥር ግን ማታ ማታ የሚሸናው ሰው ምስል አይሠራም፤ ራሱን ሥራውን ነው የሚሠራው። አምባሳደር የጠራ የለም።

ወደ አሸዋው ልመለስ። ቸርኒ በ2014 ያቆመው የደራሲው የካፍካ ጭንቅላት 42 ንብርብር አለው፤ በሞተር እየዞረ መልኩን ይቀያይራል። የኛው አሸዋ ግን ዝናብ ይበቃዋል። ሐምሌ ላይ ግማሹ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቦዩ ይደፈናል። ውሃው አቅጣጫ ቀይሮ ታች ያሉት ባልቴት ግቢ ይገባል። እዚያ ሐይቅ ይሆናል። ነሐሴ ላይ ክምሩ ሳር ያበቅላል። ለእንቁጣጣሽ በግ ታስሮበታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች በተሰነጠቀ ጀሪካን ይንሸራተቱበታል። ውሾቹ አናቱ ላይ ወጥተው ሰፈሩን ይቃኛሉ።

ባለቤቱን አንድ ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ አሸዋ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ሲሚንቶ ሲረክስ ነዋ፣ ልጄ!»

እንግዲህ ይሄን የመሰለ ዘላለማዊነት የትኛው ቀራፂ ነው ያሰበው?

ከሁሉም የማደንቀው ግን ተመልካቹን ነው። ምስኪኑ ቸርኒ ሰው ለማናደድ ስንት ለፋ። ታንክ ቀባ፣ ጣት ቀሰረ። ተሳክቶለታል፤ ፕራግ ሰው ይናደዳል። እዚህ ማን ይናደዳል? ባጃጁ አሸዋው ጋ ሲደርስ ሹፌሩ «እግር ሰብሰብ!» ይላል፤ ሦስታችንም እግራችንን እንሰበስባለን፤ አንድ ጎማው ክምሩን ይወጣል፤ እንዘማለን፤ ተሳፋሪ ተሳፋሪ ላይ ይወድቃል፤ ይቅርታ እንጠያየቃለን። ባለ ጭነቷ መኪና ስትመጣ ሰፈሩ ወጥቶ «ና ና ና፣ ቁረጥ፣ በቃ!» እያለ ያሳልፋታል። ሌሊት አምቡላንስ መጥቶ ጊዜ፣ ታማሚዋን በቃሬዛ አሸዋውን አሻግረን ነው የሰጠነው። ስንመለስ የተነጋገርነው ስለ ደም ግፊት ነበር።

እኚያ ግቢያቸው ሐይቅ የሚሆነው ባልቴት እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አሸዋው ሥር ይደርሳሉ። ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። በአንድ እጃቸው አጥሩን ይይዛሉ። ከተሻገሩ በኋላ ዞር ብለው የአሸዋውን ባለቤት ጅምር ቤት ፌሮ ያያሉ።

«ቤት መሥራት ቀላል መሰላችሁ? ይጨርስለት!»

ባለፈው ቅዳሜ እኔም አጥር ላሳድስ አንድ ቢያጆ ጠጠር አዘዝኩ። ሹፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ «የት ልገልብጠው?» አለኝ። ግቢዬ ይበቃ ነበር። ግን ሚስቴ ጎመን ተክላለች። ከአሸዋው ፊት ለፊት፣ በላዳውና በጉድጓዱ መሀል፣ ሰው የሚያልፍባት አንዲት ቦታ ቀርታ ነበር።

እሁድ ጠዋት በሩን ስከፍት ባልቴቷ ጠጠሩ ሥር ቆመዋል። ነጠላቸውን ሰብስበዋል። እጄን ሰጥቼ አሻገርኳቸው።

«ይጨርስልህ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።